ስለ ቡቺ እግር ለወንድሜ

ከቤይሩት፣ በታኅሣሥ ወር

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ኩታበር።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እናታችንና አባታችንስ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ውሻችን ቡቺ ከጎረቤት ውሾች ጋር በአውድማው ሲሯሯጥና ሲላፋ ውሎ ማታ የኋላ ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ እንደመጣ፣ አንተም የእናታችንን የጉልበት ክኒን ከፍለህ ልትሰጠው እንዳሰብህ ከላክኸው የድምፅ መልእክት ስሰማ ደነገጥሁ። ክኒኑን ፈጽሞ እንዳትሰጠው። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ለሰው ማስታገሻ ቢሆንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱንና ደሙን ይመርዛል። ግማሽ ነው፣ ሩብ ነው ብለህ አትሞክረው።

ይልቅስ በመጀመሪያ ራቅ ብለህ በደልዳላ መሬት ላይ ሲራመድ እየው፤ እግሩን ጭራሽ አይረግጥበትም ወይስ እየፈራም ቢሆን ይረግጥበታል? ቀጥሎ አባታችን አንገቱን ይዘው እያባበሉት ከደህናው እግር ጀምረህ ዳብሰው፤ የጤነኛውን ካላወቅህ የታመመውን እብጠትና ሙቀት አትለይም። መዳፉን ገልብጠህ በጣቶቹ መካከል ያለውን ፀጉር እየከፈልህ ተመልከት። አሁን ገብሱ የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ ምርቅ ወይም የአጋም እሾህ ተሰክቶ፣ ወይም ጥፍሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሕመም የያዘው ውሻ ያሳደገውንም ሰው ይነክሳልና ፊትህን ወደ አፉ አታስጠጋ፤ ከነከሰህም ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥበህ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

እሾህ ካልተገኘ ወለም ብሎት ይሆናል። በማለዳ የምንጭ ውኃ የራሰ ጨርቅ ያበጠው ቦታ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አኑርለት፤ ይህንም በቀን ሦስት ጊዜ አድርግ። ወጌሻ እንዲጎትተው ግን አትፍቀድ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ይብስበታል። ከዚያም ከቤት ጥግ እሰረውና ለሽንት ብቻ በገመድ አውጣው።

በዕረፍቱ ላይ አጥብቄ የምጽፍልህ በራሴ ስለደረሰ ነው። የምሠራበት ቤት ያለችው ውሻ ባለፈው ዓመት ኳስ ስታሳድድ ውላ እንዲሁ አነከሰች። በሁለተኛው ቀን መርገጥ ስትጀምር ዳነች ብዬ ግቢው ውስጥ ለቀቅኋት፤ ማታውን የጣቷን ጫፍ ብቻ መሬት እያስነካች፣ እየተንቀጠቀጠች በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሐኪሙ የጉልበቷ ጅማት በከፊል ተበጥሶ እንደነበርና ሩጫው ጨርሶ እንደበጠሰው ሲነግረን አለቀስሁ። ስለዚህ ቡቺ ተሽሎት ቢቦርቅ እንኳ አትመነው፤ ማንከሱን ከተወ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ውሾች ጋር አታገናኘው፣ እርምጃውንም ቀስ በቀስ ጨምርለት።

እግሩን ጨርሶ ካልረገጠበት፣ እግሩ ከተጣመመ፣ እብጠቱ ከጨመረ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቅ። በሁለት ቀን ካልተሻለውም እንዲሁ ነው። ጋቢ ዘርግታችሁ እንደ ቃሬዛ ለሁለት ተሸክማችሁ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት፤ እዚያ ካልሆነም ወደ ደሴ ውረዱ። የመኪናውንና የመድኃኒቱን ወጪ እኔ እልካለሁ፤ ስለ ገንዘቡ አባታችን አይጨነቁ።

ነገ ጠዋት ሲራመድ በስልክህ ቀርጸህ ላክልኝ። ሥራዬን የምጨርሰው ማታ ስለሆነ ያን ጊዜ አይቼ እደውልልሃለሁ።

ናፋቂህ እህትህ