ሌሊት ስልክሽ ላይ ስላየሽው ቁጥር

ልጄ፣

ትናንት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ በበርሽ ስር የስልክሽ ብርሃን ይታይ ነበር። ጠዋት የፓቶሎጂ ወረቀቴን፣ ከቆሽቴ የወጣው ካንሰር ተመርምሮ ውጤቱ የተጻፈበትን፣ ሳየው ተገልብጦ ታጥፏል። እኔ እንደዚያ አላጥፈውም። ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ስልክሽ ላይ ባለ ማስያ ሞልተሽ፣ እናትሽ ስንት ዓመት እንደቀራት ጠይቀሻል።

አልተቆጣሁሽም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቁስሌ ገና ሳይደርቅ። የወጣልኝን አይቼ ስልኩን ደፋሁት። ለአንቺ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ብቻሽን እንድትፈልጊው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እስቲ አሁን አብረን እንየው።

ድሮ "ቆሽቴ አረረ" ስል ቆሽት የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። አሁን ምን እንደወጣልኝ በልኩ አውቃለሁ። ዕጢው 2.6 ሴንቲ ሜትር ነው። የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ካንሰር አልተገኘም፤ ይሄ ደግ ነገር ነው። ከ19 ሊምፍ ኖዶች፣ ማለትም ንፍፊቶች፣ ግን 2ቱ ውስጥ ገብቷል። ያለቀስሽው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አልዋሽሽም፣ ከባዱ ምልክት እሱ ነው። ቢሆንም ከ1 እስከ 3 አንድ ምድብ ነው፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሌላ። እኔ ያለሁት በቀለለው ነው። የካንሰሩን ምልክት የሚለካውን፣ ሲኤ 19-9 የሚባለውን የደም ምርመራ ደግሞ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ሳለ የተሠራውን አትመልከቺ። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ በዚያም የተነሳ ከፍ ይላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ 22 ነው፤ ከ37 በታች ደህና የሚባል ነው።

ወደ ማስያው ልምጣ። እኔ የሞላሁት በ2004 የወጣውን፣ የኒውዮርኩ መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች የሠሩትን ነው። የተሠራው ከ1983 እስከ 2000 ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 555 ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች የእኔን ኬሞ አላገኙም፤ ያኔ የለማ! የእኔ ኬሞ፣ ፎልፊሪኖክስ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያሳየው ትልቁ ጥናት የወጣው በ2018 ነው። እሱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ54 ወር በላይ ኖረዋል። በፊት ይሰጥ የነበረውን ጀምሲታቢን የወሰዱት ግማሾቹ የኖሩት ከ35 ወር በላይ ነው። ጥናቱ ጠንከር ያሉትን ሰዎች ስለመረጠ 54ን የራሴ ነው ብዬ አልይዘውም። ግን 12ቱን ዙር ጨርሻለሁ። ጣቶቼ እስከ ዛሬ ይደነዝዛሉ፤ ቁልፌን የምትቆልፊልኝ አንቺ ነሽ።

ደግሞ ማስያው ምን ያህል ይመታል መሰለሽ? ሁለት ሕሙማን አቅርበሽ ማን ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል ብትዪው፣ ከ100 ጊዜ 64ቱን ያህል ያገኘዋል። ሳንቲም ብትወረውሪ 50 ጊዜ ታገኚዋለሽ። ከሳንቲም ይሻላል። ለዚህ ብለሽ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አትበዪ።

ከሁሉም በላይ እንድታውቂልኝ የምፈልገው ይሄን ነው። ማስያው የሚቆጥረው ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ነው። እኔ እኮ ከዚያ ቀን 26 ወር ርቄያለሁ። ይህ በሽታ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ያንን ያለፈ ሰው ዕድሉ ያን ቀን እንደነበረው አይደለም፤ ተሻሽሏል። አንቺ ግን የዛሬዋን እናትሽን ሳይሆን በዚያን ቀን አልጋ ላይ የነበረችውን ነው የሞላሽው። ድኛለሁ አልልሽም። ዘግይቶም የሚመለስበት ሰው አለ።

ሐሙስ የሲቲ ስካን ውጤቴን እሰማለሁ። እስከ ዛሬ ውጭ ቁጭ ብለሽ ነበር የምትጠብቂኝ። አሁን አብረሽኝ ትገቢያለሽ፤ መጠየቅ የምትፈልጊውን ሁሉ ጻፊና ያዢ። ወረቀቱ ራስጌዬ ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌሊት ማየት ካማረሽ ቀስቅሺኝ።

እናትሽ