ዜማው የማን ነው?

ይድረስ ለመዝናኛ ገጽ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ አንድ አልበም ስትጽፉ «ሙሉ በሙሉ አዲስና ወጥ ሥራ» ብላችሁታል። ሲዲውን ገዝቼ አዳመጥኩት። ድምፃዊው ጎበዝ ነው፣ ቅንብሩም ያምራል። ወጥ መባሉ ግን ወጥ ቤት ድረስ አልዘለቀም። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ማንጎራጎር ጀመረች። አዝማቹ ላይ ድምፃዊውን ቀድማ ደረሰች። «ይሄማ የኛ አገር ሰርግ ላይ የምንለው ነው እኮ!» አለች። የወሎ ልጅ ናት። ሽፋኑን አንስቼ አየሁ። «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ጎን የአንድ ሰው ስም ብቻ ተጽፏል።

በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤት ሠርቻለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ የሽፋኑን ወረቀት ዘርግቼ ደቃቁን ጽሑፍ አነብ ነበር። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። አንዳንዱ ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። እሷን ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር። ጻፋት ተብሎ ገበያው የቀነሰበት ዘፋኝ አላየሁም።

ትዝታ ላይ የተዘፈነ ሁሉ ስርቆት ነው እያልኩ አይደለም። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች ናቸው፤ ማንም ሊዘፍንባቸው ይችላል። ደግሞ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ማሲንቆው ያንኑ ቢደጋግም አይከፋውም። «ዛሬ ደግሞ ምን ሊለን ነው?» ብሎ ነው ጆሮውን የሚያቆመው። እዚያ አዲስ የሚባለው ስንኙ ነው። ስለዚህ በድሮ ዜማ ላይ ትኩስ ግጥም የጻፈ ሰው ገጣሚ ነኝ ቢል ሐቁ ነው። ጠቡ የሚመጣው የዜማ ደራሲ ነኝ ሲል ነው።

ሕጉም ነገሩን ለይቶታል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ድርሰቱ ይጠበቅለታል። ድምፁን ያስቀረጸው አሳታሚ ደግሞ ለቀረጻው የራሱ 50 ዓመት አለው። የድሮ ዘፈን ዛሬ ስቱዲዮ ገብቶ ቢቀረጽ ቅጂው አዲስ ነው፣ ድርሰቱ ያው የድሮው ነው። ማስታወቂያው «አዲስ» የሚለው ቅጂውን ነው፤ ገዢው ግን ድርሰቱም አዲስ ይመስለዋል።

መውሰድ በራሱ ነውር የለውም። አሜሪካዊው ራፐር ናስና ጃማይካዊው የሬጌ ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ያወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ቁራጭ ገብቷል። ከማን እንደተወሰደ ይታወቃል፤ ዘፈኑም የራሳቸው አዲስ ዘፈን ነው።

አሁን ሽፋን የሚባለውም እየቀረ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ ከፍታችሁ እዩ። የሜካፕ ባለሙያዋ ስም አለ፣ መኪናውን ያከራየው አለ። የዜማው ምንጭ ግን የለም።

እናንተ ግን የመጠየቅ ዕድሉ አላችሁ። ድምፃዊውን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉለት፣ ስለ ፍቅር ሕይወቱ ከመጠየቃችሁ በፊት «የሦስተኛው ዘፈን ዜማ ከየት መጣ?» በሉልን። እናቴም መልሱን ትፈልገዋለች።

የድሮ ካሴት ሻጭ
ከአዲስ አበባ