መጽሐፉ የዘገየው ገዳዩ ስለጠፋ አይደለም

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ቀድማችሁ ያዘዛችሁት ወንጀል ነክ ልብ ወለድ በተባለው ቀን አልደረሳችሁም። ደውላችሁ ጠይቃችኋል። አንዳንዶቻችሁም ተቆጥታችኋል፤ አልተሳሳታችሁም። «ማተሚያ ቤቱ ነው» ብለን መገላገል እንችል ነበር። ማተሚያ ቤቱ ግን ምንም አላጠፋም። ያስቆምነው እኛው ነን።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውሳችሁ። አንድ የግድያ ወንጀል መርማሪ በዓይኑ ያላየውን ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ «አይቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። በዚያች ፊርማ ንጹሕ ሰው ይታሰራል። ነገሩ ሲወጣ መርማሪው ከሥራ ይባረራል፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል። አገር ለቆ በባዕድ ከተማ የአንድ አፓርታማ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል። አንድ ሌሊት ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ተከራይ ተገድሎ ይገኛል።

ረቂቁን ወደነው ነበር። ወደ ኅትመት ልንልከው ስንል ግን ጡረታ ለወጡ አንድ የፖሊስ ሰው አስነበብነው። በሁለት ቀን ጨርሰው መለሱልን። ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። ምዕራፍ 9 ላይ የጻፉት ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «በምን ሥልጣን?»

እውነትም በምን ሥልጣን? በረቂቁ ውስጥ ያ የተባረረ ሰው ተጠርጣሪ ያስራል፣ ቤት ይፈትሻል፣ ይባስ ብሎ ኢንተርፖል ጋ ደውሎ ሰዎች ይላኩለታል። እኛም ፊልም ያሳደገን ስለሆንን ዝም ብለን አልፈነዋል። ኢንተርፖል እኮ ድንበር እየተሻገረ ሰው የሚይዝ የራሱ ፖሊስ የለውም። የ196 አገሮች ፖሊሶች መረጃ የሚለዋወጡበት ድርጅት ነው። ቀይ ማስታወቂያ የሚባለውም በሁሉም አገር የሚሠራ የእስር ማዘዣ አይደለም። «ይህን ሰው ፈልጉልን፣ ካገኛችሁት ያዙልን» የሚል ጥያቄ ነው። መያዝ አለመያዙን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። በሥራ ላይ ያለ መርማሪ እንኳ ከአገሩ ሲወጣ ባለአገሮቹ ካልፈቀዱለት ማንንም ማሰር አይችልም። የእኛው ደግሞ መታወቂያውን የተቀማ ሰው ነው።

ረቂቁን ለደራሲው መለስንለት። ይኮርፋል ብለን ፈርተን ነበር፤ ኮረፈም። አንድ ሳምንት ስልክ አላነሳም። ከዚያ ምዕራፍ 9ን ጥሎ ሌላ ይዞ መጣ።

አሁን ሰውየው ያለው ጆሮው ብቻ ነው። በር አስከፍቶ መግባት አይችልም። ጠይቆ ዝም ቢሉት ምንም አያመጣም። ደረጃ የምታጸዳ አንዲት አሮጊት የአገሩ ሰው ሆና ትገኛለች። ለፖሊስ ቃሏን የሰጠችው በአስተርጓሚ ነው። «ሲወጡ አየሁ» ብላለች። አስተርጓሚው ብዙ ሰዎች አድርጎ ተረጎመው፤ ፖሊስም ግብረ አበሮችን ያሳድዳል። ጥበቃው ግን ያንኑ ቃል በገዛ ቋንቋው ከአፏ ይሰማል። «ወጡ» እኮ ለአንድ ለምናከብረው ሰውም እንላለን። «እማማ፣ ስንት ሰው ነው ያዩት?» ይላታል። መልሷን አንነግራችሁም።

ምስጢር አወጣችሁ አትበሉን፤ ዋናው ጣጣ ከዚህ በኋላ ነው። ያወቀውን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ስሙን ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ያዩታል። ያላየውን አይቻለሁ ብሎ የፈረመ ሰው አሁን የሰማሁትን እመኑኝ ሲል ማን ያምነዋል? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አልነበረም። የድሮ ጥፋቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ታሪክ ብቻ ነበር። አሁን በየገጹ መንገድ ይዘጋበታል።

ሌላም ትንሽ እርማት አለ። ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ የሞተበትን ደቂቃ ሳይቀር ይናገር ነበር። የአስከሬን መድረቅ ብዙውን ጊዜ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የክፍሉ ሙቀት፣ የለበሰው ልብስና የሰውነቱ ውፍረት ደግሞ ግምቱን ያዛቡታል። ስለዚህ ሐኪሙ አሁን «ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ» ብሎ ያልፋል። የአንዱ ተጠርጣሪ አሊባይም፣ «ያን ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚለው መከላከያው፣ በዚሁ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል።

እነዚህ ሁሉ ሲለወጡ ገጹ እንደገና ተቀናበረ። የጀርባ ሽፋኑም ተቀየረ፤ የድሮው ላይ ሰውየው «ወንጀለኞችን በቁጥጥር ሥር ሲያውል» የሚል ነበረበት።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ምንም አትጨምሩም። መጠበቅ የሰለቸው ሰው ይንገረን፤ ገንዘቡን ያለ ክርክር እንመልሳለን። ከማተሚያ ቤት የሚወጣው የመጀመሪያው ጥራዝ የሚላከው ለእናንተ ነው። ለፖሊሱ ሰው አንድ ቅጂ በነፃ ልንሰጣቸው ብለን ነበር። እምቢ አሉ። ገዝተው፣ እርሳሳቸውን ይዘው ሊያነቡት ነው።

የመጽሐፉ አዘጋጆች