ስለ ሌሊቱ የአዞ አደን ለጠየቅኸኝ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኔ ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። በመካከላችን ይህ ሁሉ ዝምታ የገባው በቅያሜ እንዳልሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ኑሮ በየፊናችን ሲያባክነን ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። አሁን ብዕር ያስነሣኝ እኅቴ ያሳየችህ ፎቶግራፍ ነው። «ጫሞ ዳር ስናድግ አዞ ሲባል እግሬ አውጪኝ ትል የነበርህ ሰው፣ ዛሬ በእኩለ ሌሊት ረግረግ ውስጥ ገብተህ አዞ በቀስት ታድናለህ? ምን ነካህ?» ብለህ በእርሷ በኩል ላክህብኝ። በሁለት መስመር መልእክት የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ተቀምጬ መጻፍን መረጥሁ።

አስቀድሞ ነገሩ በስርቆሽ የሚደረግ እንዳይመስልህ። የምኖረው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከኦርላንዶ ወጣ ብሎ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በቦይ የተያያዙ ሐይቆች አሉ፤ ከእነርሱ ትልቁ ኪሲሚ ይባላል፤ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝም ኦኪቾቢ ወደተባለው ታላቅ ሐይቅ ይወርዳል። በፍሎሪዳ 67 አውራጃዎች አዞ የሌለበት አንድም የለም፤ የግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ቁጥራቸውን ወደ 1.3 ሚሊዮን ይገምታል። ይህ ሁሉ የመጣው ግን በራሱ አይደለም። ለቆዳው ሲባል ያለ ልክ ታድኖ ሊያልቅ ስለተቃረበ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት ጋር ተመዘገበ፤ ጥበቃ ተደርጎለት ሲያገግም በ1987 ከአደጋው እንደወጣ ተነገረ፤ በዓመቱም ፍሎሪዳ በዕጣና በልክ የሚካሄደውን አደን ጀመረች። ወቅቱ ከኦገስት 15 እስከ ኖቬምበር 1 ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ለፈቃዱ ይከፍላል፤ የእኛ ዕጣ በወጣ ጊዜ የግዛቲቱ ነዋሪ የሚከፍለው 272 ዶላር ነበር። በዚህም የሚያድንበት ሐይቅ ወይም ወንዝ ተለይቶ ይነገረዋል፤ ለሁለት አዞ፣ በተያዘው አዞ ላይ የሚታሰር ሁለት ምልክትም ይሰጠዋል። ሦስተኛ አዞ ጀልባው ላይ ዘሎ ቢወጣ እንኳ መንካት አይፈቀድለትም። ዕጣው የወጣው ለሥራ ባልደረባዬ ሲሆን፣ እዚያው ረግረግ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። እኔና ሌላው ወዳጄ፣ የጎጃም ልጅ፣ የረዳትነት ፈቃድ አውጥተን ተከተልነው፤ ያለ እርሱ ገመድ መሳብም ክልክል ነውና።

የዚህ አገር አዞ፣ አሊጌተር የሚሉት፣ አንተ በየቀኑ ከምታየው የተለየ ነው። አፉ ሰፊና እንደ አካፋ የደነበዘ ነው፤ ሲዘጋው የታችኞቹ ጥርሶች አይታዩም፤ የጫሞው ግን አፉን ዘግቶም ጥርሱን ያሳይሃል። ይኸኛው ጠባዩም ቀለል ይላል። የጫሞ አዞዎች በሚሰበሰቡበት በአዞ ገበያ በኩል ዓሣ ለሚያጠምዱት ሰዎች የምንፈራላቸውን ያህል እዚህ አያስፈራም፤ ቢሆንም ሦስት ሜትር የሚሆን አውሬ ሁልጊዜም አውሬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ላስረዳህ የምሻው የቀስቱን ነገር ነው፤ አንተም ሆንህ ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ አዞውን የሚገድለው ፍላጻው ይመስላችኋልና። ፍላጻው አይገድልም፤ ሥራው ማሰር ነው። ሕጉ በውኃ ውስጥ እንደ ልቡ የሚዋኝ አዞ ላይ ጥይት መተኮስን ፈጽሞ ይከለክላል፤ አዞው መጀመሪያ ከገመድ ጋር መያያዝ አለበት። ለዚህም አንዱ ጦር ይወረውራል፣ ሌላው መንጠቆ ወርውሮ ይስባል፣ እኛ ደግሞ ቀስት ያዝን። ቀስቱ ዳርና ዳሩ መዘውር ያለው፣ ጠንካራ ክንድ የሚፈልግ ነው። ፍላጻው ላባ የለውም፤ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ከባድ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወደ ኋላ የታጠፈ ጥርስ አለው። ብረቱ ቆዳውን ወግቶ ሲገባ ከዘንጉ ይላቀቅና ሥጋው ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል። ከብረቱ ጋር የታሰረው ጠንካራ ሲባጎ ከቀስቱ ላይ ከተገጠመ ዕቃ እየተተረተረ ይወጣል፤ የሲባጎው ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከአንድ ተንሳፋፊ ጋር ተያይዟል። ከዚያ በኋላ አዞው ወደፈለገበት ይሂድ፤ ተንሳፋፊው የት እንዳለ ይነግርሃል። የቀስቱ ብልሃት ያለው ከመተኮሱ በፊት ነው፤ አሥር እርምጃ እስኪቀር ድረስ ኮሽታ ሳያሰሙ መቅረብን ይጠይቃል። ጀርባውን ብትመታው በቆዳው ሥር የተነጠፈው አጥንት ፍላጻውን አንጥሮ ይመልስብሃል፤ የሚፈለገው ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጎኑ ያለው ለስላሳው ስፍራ ነው።

ሌሊቱን ደግሞ ልንገርህ። መስከረም ከጠባ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ሙቀቱ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አልበረደም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋን ውኃ ላይ አወረድናት፤ ከዚያም ትልቁን ሞተር አጥፍተን ድምፅ በሌላት በኤሌክትሪኳ ሞተር በሰፋፊዎቹ የውኃ አበባ ቅጠሎች መካከል መንሸራተት ጀመርን። ቢምቢው ለጉድ ነው፤ የእንቁራሪቱ ጩኸት ደግሞ መደማመጥ ያሳጣል። ግንባርህ ላይ የታሰረውን ባትሪ ወደ ረግረጉ ስታዞር፣ ጨለማው ውስጥ ቀያይ ፍሞች ሁለት ሁለት ሆነው ይበራሉ። ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ነው እንዲህ የሚሆነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሳይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ቀን ስንዋኝበት በነበረው አገር ይህን ያህል ዓይን ሲመለከተን ኖሯል ብዬ ፀጉሬ ቆመ።

ባልደረባዬ ብዙዎቹን አልፏቸው ሄደ። የአዞን ርዝመት ውኃ ውስጥ እያለ የሚለኩበት ዘዴ አላቸው፤ ከዓይኑ እስከ አፍንጫው ያለው ርቀት በኢንች ስንት እንደሆነ በዓይን ይገምቱና ያንኑ ያህል ጫማ ይረዝማል ይላሉ። ዐሥር ኢንች ከሆነ ዐሥር ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ያህል ነው። ሴቷ ከዚህ የምታልፈው ከስንት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ከዚህ የገዘፈው ወንድ ነው ብለው ይደመድማሉ። እኛ የፈለግነው ዓይነት የታየው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ቀስቱን እኔ እንድይዝ ተስማምተን ስለነበር ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜ ሳብሁት። መብራቱን ከዓይኑ ላይ ካላነሣንበት ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ይኼም ቆየ። ከውኃው በላይ የሚታየው የራሱ ጉብታና የጀርባው ጥቂት ጥርስ ብቻ ነበር፤ ከአፍንጫው ዳር ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ። ፍላጻው ሲለቀቅ የሰማሁት አንድ «ጧ» የሚል ድምፅ ነው፤ ውኃው ፈነዳ፣ ሲባጎው እየተተረተረ አለቀ፣ ተንሳፋፊውም ከእጄ ተነጥቆ ቅጠሉን እየገመሰ ወደ ጨለማው በረረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው። ተንሳፋፊው እስኪቆም እንከተላለን፤ ሲቆም ገመዱን ይዘን በቀስታ እንስባለን፤ አዞው ከታች ጭቃው ላይ ተኝቶ እስትንፋሱን ይዞ ይቆያል። ትንፋሽ ሳያወጣ ለረጅም ጊዜ መቆየት ስለሚችል ችኮላ ዋጋ የለውም። በገመዱ ውስጥ የሚሰማህን ነገር ግን በቃላት መግለጽ ይከብደኛል፤ ከሥርህ አንድ ትልቅ ሕይወት እያሰበ እንደሆነ እጅህ ያውቀዋል። ብቅ ሲል ባልደረባዬ ሁለተኛ ገመድ ያለበትን ጦር ሰነዘረ፤ አዞውም ራሱን እያሽከረከረ ገመዱን በሰውነቱ ላይ ጠቀለለው። በመጨረሻ ጀልባው ጎን ሲደርስ፣ ጫፉ ላይ አንድ ጥይት የሚጎርስና ሲነካ ብቻ የሚተኩስ ረጅም በትር አለ፤ በእርሱ ከራስ ቅሉ በስተኋላ ባለው ስፍራ ነካው፤ አበቃ።

ይህችን ቅጽበት አልወደድኋትም፤ አሁንም አልወዳትም። ሆኖም ጠመንጃ ይዞ ከሩቅ መተኮስ ቢፈቀድ ኖሮ፣ ስንቱ ቆስሎ ሰምጦ ለማንም ሳይሆን ይበሰብስ እንደነበር ሳስብ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ነገሩን አብላልተውታል እላለሁ። ገመዱ አዳኙንም ያስረዋል፤ የወጋኸውን ጥለህ መሄድ አትችልም።

የሞተ አዞም ቢሆን አይታመንም። መንጋጋውን ሲገጥም ያለው ኃይል አስፈሪ ነው፤ ሲከፍት ግን ጡንቻው ደካማ ስለሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ተራ ናስትሮ አፉን ለማሰር ይበቃል። ናስትሮውን ደጋግመን ጠመጠምንበት፤ ቀጥሎም ምልክቱ ጅራቱ ጫፍ አጠገብ እንደ ደንቡ ታሰረ። ይኸኔ ነው የጎጃሙ ወዳጃችን ዝምታው ያበቃው። ጀልባዋ ላይ ተነሥቶ «ዘራፍ!» ሲል ረግረጉ ተናወጠ፤ እንቁራሪቱ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ባልደረባዬም ሰውየው በእባብ የተነደፈ መስሎት መብራቱን እግሩ ላይ አበራበት። አንበሳና ጎሽ የገደለ ሰው በአገራችን እንዴት ይፎክር እንደነበር ካስረዳነው በኋላ ግን፣ ሁለተኛውን አዞ ስንይዝ ራሱ እንዲደገምለት ጠየቀ። በጨለማ ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ስፍራ፣ ከሰው ጋር እንዲህ ተባብሮ ማደር ስደት ላይ የማይገኝ ነገር ነው፤ ለምን ትሄዳለህ ላልኸኝ ዋናው መልሴም ይኸው ነው።

ስለ መብላቱ እናቴም ጠይቃኛለች፤ አንተም መጠየቅህ አይቀርም። አልቀመስሁም። የጅራቱን ነጭ ሥጋ እነርሱ በዱቄት ለውሰው ይጠብሱታል፤ በእኛ ሥርዓት ግን አይበላም፤ ስለዚህ የእኔ ድርሻ ለባልደረባዬ ጎረቤቶች ሄደ። ሌላም ነገር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ለየባለ ፈቃዱ ተከፋፍለው ይታደላሉ፤ ከሴፕቴምበር 12 በኋላ ደግሞ ምልክት የተረፈው ሁሉ ያድናል። የእኛ ሳምንት የወጣው ከኦገስት 15 ጀምሮ፣ ማለትም ከነሐሴ 9 ጀምሮ፣ ከሞላ ጎደል በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ሁለታችን በሱባዔ ደም አናፈስም ብለን እንቢ ስንል ባልደረባዬ ምክንያቱን ጠየቀ፤ ስንነግረውም ሳያጉረመርም ሁለቱንም ምልክት ሳይነካ እስከ መስከረም አቆየልን። ከዚያ ወዲህ ይህን ሰው እንደ ወንድም ነው የማየው።

አሁን ተራው የአንተ ነው። የአጎትህ መረብ አሁንም ጫሞ ላይ ይጣላል? ጤናቸውስ? የሐይቁ ውኃ እንዴት ነው? ማታ ማታ ወደ ዳር የሚወጡት ትላልቆቹ አዞዎች አሁንም እንደ ድሮው አሉ? ለልጅህ ጥርስ እንድልክለት የላክህበትን መልእክት አይቻለሁ፤ ነገር ግን የአዞ ክፍል የሆነ ነገር ከዚህ አገር ሲወጣ የዓለም አቀፍ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ደብቄ ሰው ላስጠይቅ አልፈልግም። በምትኩ የጥርሱንና የእግሩን ፎቶ ከአጠገቡ ማስመሪያ አድርጌ አንስቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል፤ ለእርሱ አሳትምለት።

መልስህን በቶሎ እጠብቃለሁ። ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪህና ወዳጅህ
ከኦርላንዶ