ከቴ አናው ለአባቴ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመምስ ተሻለዎት? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደኅና ነኝ። ጓደኛዬም ደኅና ናት፤ ሰላምታዬን አድርሽልኝ ብላለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ በቴ አናው ሐይቅ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ሆኜ ነው። ነገ ሐሙስ ሐይቁን በጀልባ ተሻግረን የእግር ጉዟችንን ስለምንጀምር፣ ደብዳቤው ዛሬውኑ እንዲደርስዎ ለወንድሜ በኢሜይል ልኬለታለሁ፤ አትሞ ያመጣልዎታል።

ከመነሳቴ በፊት «ለመራመድ ብለሽ ነው ይህን ሁሉ ባሕር የምትሻገሪው?» ብለው የጠየቁኝ ጥያቄ መንገዱን ሁሉ አብሮኝ መጣ። በእግር መሄድማ የትም ይቻላል፤ ጉዳዩ መራመድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ባላወጣሁበት ነበር። ነገር ግን ጓደኛዬና እኔ በተለያየ አገር መኖር ከጀመርን ወዲህ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን እኔ ከሥራ ስወጣ እርሷ ልትተኛ ስትል ስለሆነ፣ የጀመርነውን ጨዋታ ጨርሰነው አናውቅም። ስለዚህ ስልክ ወደማይሠራበት፣ መኪና ወደማይደርስበት፣ ጎን ለጎን ከመሄድ በቀር ሌላ ሥራ ወደሌለበት ቦታ እንሂድ ተባባልንና ሚልፎርድ ትራክ የሚባለውን መንገድ መረጥን። መረጠች ብል ይሻላል፤ እኔስ ቀረብ ያለ ቦታም በበቃኝ ነበር።

በረራው እንደፈሩት አስጨናቂ አልነበረም፤ ረጅም ግን ነበር። ከዶሃ እስከ ኦክላንድ ያለው ብቻ ከ14,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ 16 ሰዓት ያህል ይበራል። ያን ያህል ጊዜ አየር ላይ ለሚውል ሰው የሚያሠጋው ከፍታው ሳይሆን መቀመጡ ነው፤ እግር ሳይንቀሳቀስ ሲቀር በባት ውስጥ ያለው የደም ዝውውር ይዘገያል፣ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ደም ሊረጋ ይችላል። እኔ በመተላለፊያው በኩል ያለ መቀመጫ አስቀድሜ ስለያዝኩ፣ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲተኛ ቀስ ብዬ እየተነሣሁ ከአውሮፕላኑ ጅራት እስከ መሐሉ እመላለስ ነበር። ይህንኑ የሚያደርጉ አንዲት ሸበቶ እናት ነበሩና በጨለማ ስንተላለፍ እያደር ሰላምታ መለዋወጥ ጀመርን፤ በኋላማ መጋረጃውን ገልጠው የሚነጋውን ሰማይ ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። የእግር ጉዞዬ የተጀመረው እዚያው አየር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ለመንገድ ብለው ያዘጋጁልኝን ማር ትቼው የመጣሁት ንቄው እንዳልሆነ አሁን ላስረዳዎ። ማር ወደዚህ አገር ጨርሶ አይገባም፤ የንብ በሽታ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይፈራል። የተከለከለ ነገር ሳያሳውቅ ይዞ የተገኘ መንገደኛ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይቀጣል። ፍተሻቸው ለምግብ ብቻም አይደለም። የጉዞ ጫማዬን ከመነሳቴ በፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ያጠብኩት ቢሆንም፣ መርማሪዋ ገለበጠችና ሶሉን በእጅ ባትሪ እያበራች ጥርስ በጥርስ አየችው፤ ከዚያም በቀጭን ሹል ብረት ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የደረቀች ጭቃ ፈልቅቃ አወጣችና ጫማውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ሲመለስልኝ ረጥቦ መድኃኒት መድኃኒት ይሸት ነበር። ጓደኛዬ ቀድማኝ ደርሳ በር ላይ ስትጠብቀኝ ቆይታለችና ዘገየሽ ብላ ተቆጣች፤ እኔ ግን ጥንቃቄያቸውን ወደድኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዲዲሞ የሚባል፣ ውኃ ውስጥ የሚበቅል አልጌ በዚሁ በደቡባዊው ደሴት ወንዝ ውስጥ ተገኝቶ፣ ዛሬ ብዙ ወንዞችን ወርሷል። በእርጥብ ጫማ ወይም በዓሣ ማጥመጃ ላይ የቀረች፣ በዓይን የማትታይ ጠብታ ካንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች።

ከኦክላንድ ወደ ኩዊንስታውን በረርን፤ ከዚያ እስከዚህ ያለው የአውቶቡስ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቀደም ብለን የመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያለ አስጎብኚ በራሳቸው የሚሄዱ እግረኞች በዚህ መንገድ የሚገቡት በቀን 40 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም የሚሄዱት በአንድ አቅጣጫ ሲሆን፣ በየማደሪያው ከአንድ ሌሊት በላይ መቆየት አይፈቀድም። ስለዚህ አንድ በረራ ቢዘገይና የጀልባው ቀን ቢያልፍ፣ ወረፋው ሁሉ ተይዟልና ሌላ ቀን አይገኝም። ደግሞም ሰውነቴ ገና አልተመለሰልኝም፤ ሰዓቱ ከእርስዎ 10 ሰዓት ስለሚቀድም በቀትር አንቀላፍቼ በእኩለ ሌሊት ይርበኛል። አሁን እዚህ በጋ በመሆኑ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በብርሃን ተኙ ቢሉኝ እንዴት ልተኛ?

መንገዱ በጠቅላላው 53.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት ቀን ይወስዳል። ነገ ከጀልባው ወርደን እስከ ክሊንተን ማደሪያ የምንሄደው 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በማግሥቱ ወንዙን ተከትለን 17.5 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን። የሚከብደው ሦስተኛው ቀን ነው፤ 1,154 ሜትር ከፍታ ያለውን የማኪነን መሻገሪያ ወጥተን በማዶው እንወርዳለን፤ የሄዱበት ሰዎች እንደሚሉት ከዳገቱ ይልቅ ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። መሻገሪያው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ካለፈበት ከአሳሹ ከኩዊንቲን ማኪነን ነው፤ ከእርሱ አስቀድሞ ግን የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ፑናሙ የሚሉትን አረንጓዴ ድንጋይ ለማምጣት በእነዚህ ሸለቆዎች ይመላለሱ ነበር። ከመሻገሪያው በታች 580 ሜትር የሚወርደው የሰዘርላንድ ፏፏቴ አለ፤ ጉልበት ከተረፈን ጎራ ብለን እናየዋለን። የመጨረሻው ቀን 18 ኪሎ ሜትር ነው። በማደሪያዎቹ ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃና ቀዝቃዛ ውኃ አለ፤ ምግባችንንና የመኝታ ልብሳችንን በጀርባችን እንሸከማለን።

ስለ አውሬና ስለ እባብ ጠይቀውኝ ነበር። ኒውዚላንድ በምድር ላይ የሚኖር እባብ የሌላት አገር ናት፤ ሰው የሚበላ አውሬም የላትም። የሚነክሱት ትንንሽ ዝንቦች ሲሆኑ፣ የሚሰርቀው ደግሞ ኬአ የሚባል የተራራ በቀቀን ነው፤ ጫማ ውጭ ካደረ በመንቁሩ እየጎተተ ይወስደዋል ወይም ይዘለዝለዋል። እውነተኛው አደጋ ዝናብ ነው፤ ይህንን ደብቄ ልጽፍልዎ አልፈልግም። በሚልፎርድ በኩል በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጅረቶቹ በሰዓታት ውስጥ ሞልተው መንገዱ ላይ ይፈስሳሉ። ለዚህም በየማደሪያው የፓርኩ ጠባቂ አለ፤ የአየሩን ሁኔታ ማታና ጠዋት ይናገራል፤ ውኃው እስኪጎድል ቆዩ ካለ መቆየት ነው። እኛም የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ ተከራይተናል፤ ከተጫኑት በሳተላይት በኩል ያለንበትን ቦታ ለነፍስ አድን ማዕከል ያስታውቃል።

ዋናው ልነግርዎ የፈለግሁት እንግዲህ ይህ ነው፤ ከነገ ጠዋት እስከ እሑድ ድረስ ስልኬ አይሠራም፤ ቢደውሉም አይጠራም። ዝምታዬን የክፉ ነገር ምልክት አድርገው እንዳይወስዱብኝ፣ ሌሊትም ተነሥተው እንዳይቀመጡ አደራ እልዎታለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ጫፍ ጀልባ ይወስደንና በአውቶቡስ ወደዚህች ከተማ እንመለሳለን፤ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ማለትም በእርስዎ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ እደውልልዎታለሁ። ዝናብ ካቆየን አንድ ቀን ልንዘገይ እንችላለን። የማደሪያዎቹን ስም፣ የተመዘገብንበትን ቁጥርና የፓርኩን ቢሮ ስልክ ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ፤ እስከ ሰኞ ማታ ካልደወልኩ እርሱ ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን ከዚያ በፊት እንዳያስጨንቁት።

የጉልበትዎን መድኃኒት ምግብ ከበሉ በኋላ መውሰድዎን አይርሱ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪና ናፋቂ ልጅዎ