አባባ አንገቴን አላስቀድድም ብለዋል

ወንድም ዓለሜ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? ከተጻጻፍን ዓመት አለፈ። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሌላ ቀን እንካሰስበት፤ አሁን ጉዳይ አለኝ።

አባባን ስትሮክ ለጥቂት ነው የሳታቸው። ቡና ቀርቦ ስኒውን ሲያነሱ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ስኒው ወደቀ። ሊናገሩ ሲሉ ምላሳቸው ተሳሰረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ምንም እንዳልነካቸው ሆኑ። «ብርድ ነው» አሉ። የደብረ ብርሃን ብርድ የማይከሰስበት ነገር የለም መቼም! አክስቴ መጋኛ ነው ብላ ጠበል ጠበል አለች። ጠበሉም ይሁን ሐኪሙም ይሁን ብዬ አስማማኋቸው።

አልትራሳውንድ ሲነሱ የግራ አንገታቸው ደም ስር ከ70 በመቶ በላይ ጠቧል። ስብ እየተጋገረበት ነው። ከዚያ ላይ ቅንጣቢ ተነስታ አንጎል ስትገባ ነው እጅና ምላስ የምትይዘው። ቀጣዩ ላያልፍ ስለሚችል፣ ሕክምናው በ2 ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

አንዱ መንገድ አንገትን ቀዶ ስቡን ከደም ስሩ ማውጣት ነው። አባባ «አንገቴንስ አላስቀድድም» ብለው ድርቅ አሉ። ስቴንት የሚባለውን ሰምተዋል። በብሽሽት ቀጭን ቱቦ ያስገቡና አንገት ድረስ ይወስዱታል። ፍርፋሪው ወደ አንጎል እንዳያልፍ ከጠበበው ቦታ በላይ እንደ ወንፊት ያለ ማጥለያ ይዘረጋሉ። ከዚያ ስቴንት የሚሉት የሽቦ መረብ ደም ስሩን ከፍቶ ይይዘዋል። ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ወዶት ነበር።

ሐኪሙ ግን ዕድሜያቸውን ጠየቀ። 76 ስንለው ፊቱ ተለወጠ። በፈረንጆቹ 2010 የወጣው ክረስት የተባለ ትልቅ ጥናት ቀዶ ጥገናውንና ስቴንቱን አወዳድሯል። በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ ስቴንት በገባላቸው፣ ሃርት አታክ ደግሞ በተቀደዱት ላይ በዛ ብሎ ታይቷል። ዕድሜ ከ70 ሲያልፍ ሚዛኑ ወደ ቀዶ ጥገናው ያደላል። ያረጀ ደም ስር ጠመዝማዛና ደረቅ ነው፤ ቱቦው ሲያልፍበት ቅንጣቢ ያስነሳል። ቁስሉ ማነሱ አደጋውን አላሳነሰውም። ውጭ አገር ከአንገት ግርጌ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው፣ ደሙን ለጊዜው ወደ ኋላ እየመለሱ ስቴንት የሚያስገቡበት ዘዴም አለ። ለእኛ የቀረበልን ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። አስፕሪኑ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል ክኒኑ እንደሁ በየትኛውም አይቀሩም።

እኔን አይሰሙኝም፤ ያንተን ቃል ግን ያከብራሉ። ደውልላቸው። በቀዶ ጥገናው እንዳትጀምር! መጀመሪያ ስለ ገብሱ ጠይቃቸው። ሐሙስ አዲስ አበባ እንገባለን፤ ትርፍ ፍራሽ ካለህ አንተ ጋ እናድራለን።