የምርምር ገንዘብ ጥያቄያችን ለምን ይወድቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሳይንስና ሒሳብ ትምህርት ላይ ለሚደረግ ምርምር የሚጻፉ ብዙ የድጋፍ ማመልከቻዎች አንብቤአለሁ። አብዛኛው የሚወድቀው ሐሳቡ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ጥያቄው ስላልጠራ ነው። «የሒሳብ ትምህርትን ማሻሻል» ምኞት ነው። «ተማሪዎች ክፍልፋይ ሲደምሩ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ጋር የሚደምሩት ለምንድን ነው፣ በሥዕል ብናስተምራቸውስ ይቀየራል ወይ?» ብትሉ ግን ገምጋሚው ወዲያው ይገባዋል፤ ምን እንደምትለኩም ያያል። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እንኳ ማመልከቻን የሚመዝነው በዋናነት በሁለት ነገር ነው፦ ለዕውቀት በሚጨምረውና ለኅብረተሰቡ በሚሰጠው ጥቅም። የፕሮጀክቱ ማብራሪያም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ገጽ አይበልጥም። ታዲያ ገጹን በችግሩ ታሪክ አትጨርሱት። በጀቱም ከሥራው ጋር ይግጠም። መምህራኑን ደግሞ እባካችሁ ገና ሲጻፍ አማክሯቸው፣ ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ አይደለም።

አክባሪያችሁ፣ አንድ አንባቢ